ጤፍ፣ ስንዴና እኛ፦ የእንጀራችን ጉዞ ከጎንደር እስከ ኪርያት ጋት

የክፍሉ ሙሉ ጽሑፍ

የምንቀዳው እንደ ሁልጊዜው ካርሜ ጋት ነው፤ ከኪርያት ጋት በስተሰሜን ባለው አዲሱ ሰፈር። ከማዳመጥ ማንበብ የሚቀላችሁ ደግሞ ሙሉውን ጽሑፍ እዚሁ ታገኙታላችሁ።

የዛሬው ክፍል ስለ ምግብ ነው፤ ግን ታሪክም ነው። ጥያቄው አጭር ነው፦ እንጀራችን ግሉተን አለው ወይስ የለውም?

ብዙዎቻችን ሳናስብ "የለውም!" እንላለን። በልጅነታችን ሳንድዊች በያዙ ልጆች መሃል እንጀራ ስናወጣ "ይሄ ምንድን ነው?" እያሉ አፍንጫቸውን ይይዙ የነበሩት፣ ዛሬ ጤፍ ከጤና ምግብ መደብር በውድ ዋጋ ይገዛሉ። የጤፍ ዱቄት፣ የጤፍ ብስኩት፣ የጤፍ ክራከር፣ ሁሉም ላይ "ለሎ ግሉተን" ተብሎ ተጽፏል። ደስ ይላል፤ አልዋሽም፣ እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን ጤፍና እንጀራ አንድ ነገር አይደሉም። ጤፍ እህል ነው። እንጀራ ደግሞ የሰው እጅ የሚሠራው ነው፤ ከየትኛው እህል እንደሚሠራ ቦታውና ዘመኑ ይወስኑታል። የእኛ እንጀራ ወደዚህ አገር ሲመጣ እህሉን ቀይሯል። መቼ ቀየረ? ለምን? አሁንስ ወዴት እየሄደ ነው? ይህን ማወቅ ለአንዳንዶቻችን የታሪክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እዚህ በምንጠቀምበት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ከአያቶቻችሁ ጋር ስታወሩ ሰባት ስምንት ዓመት መቀነስ እንዳትረሱ።

ግሉተን ምንድን ነው?

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና በሺፎን ውስጥ የሚገኝ የፕሮቲን ዓይነት ነው። የስንዴ ሊጥ ሲጎተት እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው፣ ዳቦውም ተነፍቶ የሚቆመው በእሱ ነው። ለአብዛኛው ሰው ምንም ጉዳት የለውም። ሴሊያክ፣ እኛ በዕብራይስጥ "ጽሊያክ" የምንለው ሕመም ያለበት ሰው ግን ግሉተን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ የትንሹን አንጀት ግድግዳ ያጠቃዋል። ከዚያ በኋላ አንጀቱ ከምግቡ የሚያስፈልገውን ነገር በደንብ አይወስድም። ልጅ ከሆነ እድገቱ ሊዘገይ ይችላል፤ ደም ማነስ፣ የሆድ መነፋት፣ ድካም ይመጣል። የስንዴ አለርጂ ከዚህ የተለየ ሕመም ነው፤ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያደባልቋቸዋል። ሴሊያክን የሚያድን ኪኒን የለም። መድኃኒቱ ምግቡ ነው፤ ዕድሜ ልክ፣ ያለ "ትንሽ ብቻ ቅመስ"።

ስንዴ ጥፋተኛ መሆኑን ለዓለም ያሳየው ቪለም ካረል ዲከ የተባለ የኔዘርላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው። በ1930ዎቹ በዘ ሄግ ከተማ የሕፃናት ሆስፒታል ሲሠራ፣ አንዳንድ የታመሙ ልጆች ዳቦ ሲተዉ እንደሚሻላቸው አስተዋለ። ከዚያ ከ1944 እስከ 1945 የነበረው የረሃብ ክረምት መጣ፤ በናዚ ጀርመን በተያዘችው አገር ዳቦ ጠፋ። ሌላው ሰው ሲራብ ይህ ሐኪም ስለ ስንዴ የነበረው ሐሳብ ይበልጥ ጠነከረ። በ1950 የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ፤ ከባልደረቦቹ ጋር ባደረገው ምርምርም ጉዳቱ ያለው ግሉተኑ ላይ እንደሆነ ታወቀ። ዘ ሄግ የሚለውን ስም አስታውሱት፤ እንመለስበታለን።

ጤፍ በአገሩ

አሁን ወደ ኢትዮጵያ እንሂድ። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ከ1926 እስከ 1927 በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ ዘር ሰበሰበ። ጤፍን ጨምሮ ብዙ እህል በዓይነት የበዛበትን ይህን አገር የሰብል መነሻ ከሚባሉት የዓለም ቦታዎች አንዱ አድርጎ መዘገበው። ጤፍ ከእህል ሁሉ ትንሹ ነው። ከእጅ ከወደቀ አይገኝም፤ ስሙም "ጠፋ" ከሚለው ቃል መጣ የሚሉ አሉ። ነጭ፣ ቀይ፣ ሰርገኛ፣ ማኛ እየተባለ ይለያል። ግሉተን የለውም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ግሉተን የሌለው ሊጥ አየር አይይዝም። ዛሬ ለሎ ግሉተን ዳቦ የሚጋግሩ ፋብሪካዎች ትልቁ ራስ ምታታቸው ይሄ ነው፤ ዳቦው እንዳይፈርስ ልዩ ልዩ ማያያዣ ይጨምራሉ። ታዲያ የጤፍ እንጀራ እንዴት ነው ያ ሁሉ ዓይን ኖሮት፣ ሳይሰበር የሚጠቀለለው?

መልሱ አብሲት ነው። እናቶቻችን ጤፉን በእርሾ አቡክተው ለሁለት ሦስት ቀን ያስቀምጡታል። ላዩ ላይ የጠለለውን ውሃ ያፈሳሉ። ከዚያ ከሊጡ ጥቂት ቀንሰው በፈላ ውሃ እያማሰሉ እንደ ገንፎ ያበስሉታል፤ አብሲት የሚባለው እሱ ነው። በረድ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል፤ ሊጡ ኩፍ ይላል፤ ምጣድ ላይ ይዞራል። የበሰለው ስታርች ሊጡን ያያይዘዋል፤ እርሾው ያወጣውን አየር ይዞ ያቆየዋል፤ አየሩ ሲወጣ ዓይኑ ይቀራል። ማለትም በስንዴ ዳቦ ግሉተን የሚሠራውን ሥራ፣ በእንጀራ አብሲት ይሠራዋል። "ግሉተን" የሚለው ቃል ጎንደር ሳይደርስ የጎንደር ሴቶች ችግሩን ፈትተውት ነበር።

ምጣዱንስ ማን ሠራው? በጎንደር አካባቢ የቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ ሥራ የታወቁ ነበሩ። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ እስከ ዛሬ የምትታወቀው በዚሁ ነው። ወንዶቹ ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ማረሻቸውን ከእነሱ ያሠራሉ፣ ምጣዳቸውን ከእነሱ ይገዛሉ፤ እዚያው ደግሞ "ቡዳ" እያሉ ይፈሯቸው ነበር። የእኔ አያት ሸክላ ሠሪ ነበሩ። "ምጣድ የሚሰነጠቀው በእሳት አይደለም፤ አፈሩን ስትመርጪ ነው የሚሰነጠቀው" ሲሉ ለእናቴ ሰምቻቸዋለሁ።

ሁሉም ጤፍ ይበላ ነበር ወይ?

አይደለም። ይህን ደፍረን እንናገር፤ ምክንያቱም "አባቶቻችን ንጹህ ጤፍ ብቻ ይበሉ ነበር" የሚል ተረት እየተለመደ ነው።

ጤፍ በተለይ የወይና ደጋ እህል ነው። ደጋ ላይ ገብስ ይበዛል፤ ቆላ ላይ ማሽላ። ሰሜንና ወገራ ደጋ ላይ የኖረ ቤተሰብ የገብስ እንጀራ በልቶ ያደገ ሊሆን ይችላል። ገብስ ደግሞ ግሉተን አለው። ከዚህ በላይ ጤፍ ውድ ነው። ቤተ እስራኤል በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በአፄ ይስሐቅ ዘመን ከተሸነፉ በኋላ፣ ብዙዎቹ ርስት የመያዝ መብት እንዳጡ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ብዙው ሰው የሌላ ሰው መሬት እያረሰ ከምርቱ የሚከፍል ሆነ። እንዲህ ያለ ገበሬ የሚበላው መሬቱ የሰጠውንና ከባለመሬቱ የተረፈውን ነው። ጤፉ ይሸጣል ወይም ለበዓል ይቀመጣል፤ ለዕለቱ ጤፍና ገብስ፣ ጤፍና ማሽላ ይቀላቀላል። ከ1888 እስከ 1892 በነበረው ክፉ ቀን ደግሞ፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ ማረሻ የሚጎትት በሬ ሲጠፋ፣ የሚቀላቀልም አልነበረም።

ስለዚህ መቀላቀል እስራኤል ውስጥ የተጀመረ ነገር አይደለም። እዚህ የተለወጠው የሚቀላቀለው እህል ነው።

ከማሽላ ወደ ቀማሕ

በ1980ዎቹ መጀመሪያ በእግራቸው ሱዳን የገቡት ወገኖቻችን በስደተኞች መጠለያ የሚያገኙት እህል በአብዛኛው ማሽላ ነበር። በኖቬምበር 1984 የተጀመረው የሙሴ ዘመቻ እስከ ጃንዋሪ 1985 ድረስ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎችን አመጣ፤ በሱዳን መንገድና መጠለያ ያለቀው ሰው ደግሞ በሺዎች ይቆጠራል። ከሜይ 24 እስከ 25 ቀን 1991 በነበረው የሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ገባ። ብዙዎቹ መጀመሪያ ያረፉት በሆቴሎችና በመርከዝ ክሊታዎች፣ በኋላም በካራቫን ሰፈሮች ነው።

እስቲ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። ሻንጣ የለም፤ ምጣድ በአውሮፕላን አልተጫነም። ሆቴል ውስጥ የሚበላው የጋራ አዳራሽ ውስጥ የቀረበው ነው፤ ነጭ ዳቦ፣ ዶሮ፣ እርጎ፣ ጥሬ ኪያር። አያቴ ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ "ጠገብን፤ ግን አልበላንም" ይላሉ። በክፍል ውስጥ ማብሰል አይፈቀድም ነበር፤ ሆኖም አንዷ ሴት በባልዲ ሊጥ አቡክታ አልጋ ሥር እንደደበቀችውና ሽታው እንዳጋለጣት በእኛ ቤት እስከ ዛሬ ይሳቅበታል።

ማድቤት ያለው ቤት ሲገኝ ጤፍ አልተገኘም። ኢትዮጵያ ደርሶ የሚመለስ ሰው በሻንጣው ያመጣት ትንሽ ዱቄት ለሲግድ ወይም ለሠርግ ትቀመጣለች። ለዕለት እንጀራ የነበረው ማኮሌት ውስጥ ያለው ነው፦ ነጭ የስንዴ ዱቄት፣ ኬማሕ ቶፌሕ፣ ሽማሪም። ሴቶቹ ሞከሩ። ስንዴው ብቻውን ሲሆን እንደ ቆዳ ይለጠጣል፤ ስለዚህ የሩዝ ዱቄት ወይም የበቆሎ ዱቄት ጨመሩ። ምጣድ ባይኖርም ሰፊ መጥበሻ አለ። እርሾው በስንዴ ላይ ተነሳ። መልኩ ነጭ ሆነ፤ ኮምጣጣነቱ ቀነሰ፤ ስሙ ግን እንጀራ ነው።

ይህን ስናገር ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ቋንቋው በማይገባት አገር፣ ቀን በጽዳት ሥራ ውላ ማታ ስድስት ልጅ የምታበላ እናት ከማኮሌት ዱቄት እንጀራ መሥራቷ ትልቅ ብልሃት ነው። እኔ እዚሁ የተወለድኩት እንጀራ ማለት እሱ ነው ብዬ ነው ያደግሁት። የጤፍ እንጀራ መጀመሪያ ስቀምስ ጠቆረብኝ፣ ኮመጠጠኝ።

ዋጋ ግን ነበረው። በ1988 የታተመ የሐኪሞች ጥናት ከኢትዮጵያ በመጡ ወጣቶች ላይ ከፍ ያለ የስኳር ሕመም ማግኘቱን ገለጸ፤ ሲመጡ ግን በሽታው በመካከላቸው እምብዛም አይታወቅም ነበር። ነጭ ዱቄት ብቻውን አይደለም ያመጣው፤ ስኳር የበዛበት መጠጥ አለ፣ የእግር ጉዞ መቅረት አለ፣ ጭንቀት አለ። በ1998 ሐዴራ ላይ የተመሠረተው "ጤና ብሪኡት" የተባለው ድርጅት፣ ስሙ ራሱ ግማሽ አማርኛ ግማሽ ዕብራይስጥ የሆነው፣ ለወገኖቻችን በሚገባቸው ቋንቋና ባህል ስለ ጤናና ስለ ምግብ ማስተማር የጀመረው ከዚህ የተነሳ ነው። የስኳር ሕመምና ሴሊያክ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱም ግን አንድ ጥያቄ ያስነሳሉ፦ ዱቄቱ ከምን መጣ?

ዘ ሄግ ላይ የተካሰሰው እህል

እኛ እዚህ ስንዴ ስንለምድ፣ አውሮፓ ጤፍን አገኘችው። በ2005 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዓይነቶችን መርምረው በሴሊያክ ሕመምተኞች ላይ ጉዳት የሚያስነሳውን ነገር እንዳላገኙ በታወቀ የሕክምና መጽሔት ጻፉ። ለሴሊያክ ሕመምተኞች የምሥራች ነበር።

ከዚያ በፊት ግን ሌላ ነገር ተጀምሯል። በ2003 አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት ጠየቀ። በ2005 ኢትዮጵያ በብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩቷ በኩል ከኩባንያው ጋር ስምምነት ፈረመች፤ እነሱ ዘር ያገኛሉ፣ ኢትዮጵያ ከትርፉ ትካፈላለች ተባለ። በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ፓተንቱን ሰጠ። በ2009 ኩባንያው ከሰረ። ኢትዮጵያ ያገኘችው ጥቂት ሺህ ዩሮ ብቻ ሲሆን ፓተንቱ ግን አልሞተም፤ ወደ ሌላ እጅ ተላለፈ። ለብዙ ሺህ ዘመን ሲፈጭና ሲቦካ የኖረ እህል ዱቄት የግል ንብረት ተባለ።

ያበቃው በዚያው በሐኪሙ ዲከ ከተማ፣ ዘ ሄግ ነው። ሁለት የኔዘርላንድ ኩባንያዎች ተካሰው፣ ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2018 ፓተንቱ አዲስ ነገርም የፈጠራ እርምጃም የለውም ብሎ በኔዘርላንድ ሰረዘው። ዜናው በፌብሩዋሪ 2019 ሲሰማ ኢትዮጵያውያን በያሉበት ደስ አላቸው። ዳኞቹ የአያቶቻችንን ስም አልጠሩም፤ የወሰኑት ነገር ግን የእነሱን እጅ ይመለከታል።

በዚህ ሁሉ መሃል ኢትዮጵያ በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች፤ በአገር ውስጥ ዋጋው ስለናረ። የተጋገረ እንጀራ ግን በአውሮፕላን መውጣት ይችል ነበር። ክልከላው በከፊል የላላው በ2015 ነው። አሜሪካ ውስጥ ዌይን ካርልሰን የተባለ ሰው፣ በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ ከተመለሰ በኋላ፣ በአይዳሆ ጤፍ ማምረት ጀምሮ ነበር። እዚህም በሬሖቮት የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ፋኩልቲ ተመራማሪዎች ጤፍ በዚህ አየር ጠባይ እንዴት እንደሚበቅል አጥንተዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ጤፍ ወደ መደርደሪያችን ተመለሰ።

የአክስቴ ልጅ ነገር

ተመለሰ እንጂ ስንዴው አልሄደም። ንጹህ ጤፍ ከስንዴ ዱቄት ብዙ እጥፍ ዋጋ አለው። ስለዚህ ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምናየው እንጀራ አንዳንዱ ንጹህ ጤፍ ነው፣ አንዳንዱ ግማሽ ግማሽ፣ አንዳንዱ ጤፍ ለቀለም ያህል ብቻ ያለበት ነው። ዓይኑ ተመሳሳይ ነው፤ በማየት አይለይም።

የአክስቴ ልጅ በዘጠኝ ዓመቷ ሴሊያክ እንዳለባት ታወቀ። ዶክተሩ የሚከለከለውን ሲዘረዝር አክስቴ ተንፍሳ "እንጀራ አላት፤ ልጄ አትራብም" አለች። ዳቦው ከቤት ወጣ፣ ፓስታው ወጣ፣ እንጀራው ቀረ። ከአንድ ሱቅ ይገዛ ነበር። "የጤፍ ነው ወይ?" ተብሎ ሲጠየቅ "አዎ፣ ጤፍ ነው" ይባላል። ውሸትም አልነበረም፤ ጤፍ ነበረበት። ስንዴም ነበረበት። ልጅቷ ለወራት ሆዷን እየታመመች፣ እየከሳች ኖረች። የደም ምርመራው አልሻሻል ሲል ቤተሰቡ ሐኪሙን መጠራጠር ጀምሮ ነበር። በመጨረሻ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ "የምትበላውን ሁሉ አምጡልኝ" ብላ አንድ በአንድ ስትጠይቅ ነው የተደረሰበት።

በጣም ያመማት ሕመሙ ብቻ አልነበረም። አንድ ቅዳሜ አያቴ ቤት ሁላችን ከአንድ ትሪ ስንበላ፣ እሷ በሳህን ሩዝ ይዛ ጥግ ተቀመጠች። አብሮ መብላት እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አያቴ አይተው ዝም አሉ። በሳምንቱ ንጹህ ጤፍ አስመጡ፤ አዲስ ምጣድ አስገዙ፤ እርሾውን ከባዶ፣ ከጤፍና ከውሃ ብቻ አስጀመሩ። አሮጌውን እርሾ መጠቀም እንደማይቻል ያልነው እኛ አይደለንም፤ እሳቸው ናቸው። "እርሾ የእናቱን ይዞ ነው የሚመጣው" አሉ። ልክ ነበሩ፤ ከስንዴ የተነሳ እርሾ ስንዴውን ይዞ ወደ ጤፉ ይገባል።

አምስቱ እህሎች

ይህ ጥያቄ በሃይማኖታችንም ውስጥ አለ፤ ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁ ባጭሩ ላንሳው። ሚሽና አምስት እህል ይቆጥራል፦ ስንዴ፣ ገብስ፣ ኩስሚን፣ ሺቦሌት ሹዓልና ሺፎን። "ሃሞጺ" የሚባለው ከእነዚህ በተሠራ ዳቦ ላይ ነው፤ በፋሲካ ሐሜጽ የሚሆኑትም እነሱ ናቸው። ጤፍ ከአምስቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ በንጹህ ጤፍ እንጀራ ላይ የትኛው በረከት ይባላል በሚለው ራባዎች ተነጋግረውበታል፤ ስንዴ የተቀላቀለበት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። ለተግባሩ ራባችሁን ወይም ቄሳችሁን ጠይቁ።

በኢትዮጵያ የቄሶቻችን ሥርዓት ሌላ መንገድ ነበረው። በፋሲካ ሰባት ቀን የቦካ ነገር ሁሉ አይበላም፤ እህሉ ምንም ይሁን። እንጀራ የለም፣ ያልቦካ ቂጣ ብቻ ነው። ያ ሥርዓት "ቦክቷል ወይ?" ብሎ ይጠይቃል፤ የሚሽናው ሕግ ግን "ከየትኛው እህል ነው?" ይላል። ሴሊያክ ያለበት ሰው የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው። አስቡት፤ በረከቱን በትክክል ማለት የሚፈልግ ሰውና ጤናው የሚያሳስበው ሰው ለጋጋሪዋ የሚያቀርቡት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው።

ትሪው ላይ ምን እናድርግ?

አሁን ወደ ማድቤት። ደስ የሚለው ነገር ከእንጀራው በላይ ያለው አብዛኛው ከመጀመሪያውም ግሉተን የለበትም። ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ በካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመን በድንች። ሽንኩርቱን በደንብ አቁላሉ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድ ጨምሩ፤ አትክልቱ በራሱ ውሃ ይብሰል። የአበሻ ጎመን ካጣችሁ ማንጎልድ ይሆናል፤ ግንዱን ለይታችሁ ቀድማችሁ አብስሉት። እናቴ ከሹክ ሐሙስ ማታ የምትገዛው ይሄንኑ ነው።

እነዚህም ቢሆኑ ከመጀመሪያው የነበሩ አይደሉም። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዊልሄልም ሺምፐር በ1858 እንደሆነ ይነገራል። በርበሬም ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። ምግባችን ሁልጊዜ ሲለወጥ ኖሯል፤ ለውጡን ማወቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ሴሊያክ ያለበት ሰው ካለ ተጠንቀቁ፦

ዳቦ፣ ጨጨብሳና ቅንጬ አብዛኛውን ጊዜ ስንዴ ናቸው። በሶ ገብስ ነው። ገንፎ ከገብስ ሊሆን ይችላል። ጠላ የገብስ ብቅል ይገባበታል። ቆሎ ብዙ ጊዜ ገብስ ወይም ስንዴ አለበት። አያቶቻችን አጃ የሚሉት ጥንታዊ እህልም የስንዴ ዘር ነው።

ሽሮና በርበሬ በራሳቸው ችግር የለባቸውም፤ ግን ወፍጮው ከእነሱ በፊት ምን ፈጨ? ሲገዛ መለያውን አንብቡ። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ "ከግሉተን ነፃ" የሚለው በአንድ ኪሎ ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ግሉተን ያለበትን ነው። ስንዴ የተፈጨበት ድንጋይ ላይ የቀረ ዱቄት ከዚህ ልክ በቀላሉ ሊያልፍ ይችላል።

ምጣዱ፣ ሰፌዱ፣ የሊጡ ባልዲና እርሾው ለብቻ ይሁኑ። እንጀራ ስትገዙ ደግሞ "የጤፍ ነው?" አትበሉ፤ "ስንዴ ወይም ገብስ አለበት?" በሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ "አዎ" ይመለስለታል። ሁለተኛው እውነቱን ያወጣል።

ከሁሉም በላይ ሆዳችሁን ብዙ ጊዜ የሚያማችሁ ከሆነ በራሳችሁ ዳቦ አትተዉ። መጀመሪያ ወደ ኩፓት ሆሊም ሄዳችሁ ተመርመሩ፤ ግሉተን ካቆማችሁ በኋላ ምርመራው ላያሳይ ይችላል።

ለሳምንት

የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በዚህ ሻባት አያታችሁን ወይም እናታችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ። አገር ቤት እንጀራው ከምን እህል ነበር? እዚህ የመጀመሪያውን እንጀራ በምን ዱቄት ጋገራችሁ? አሁን ሊጡ ውስጥ ምን ምን ይገባል? ስልካችሁን አብሩና ቅዱት። በጥንቃቄ ጠይቁ፤ "ለምን ስንዴ አደረጋችሁ?" የሚል የወቀሳ ድምፅ እንዳይኖረው። ከጤፍ ወደ ቀማሕ የተሻገሩት ሴቶች እያረጁ ናቸው፤ አብሲቱ በስንት ውሃ እንደሚሠራ በወረቀት አልጻፉትም።

የአክስቴ ልጅ አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቁመቷ እኔን ሊያልፍ ምንም አልቀረውም። አብሲት ማማሰል ተምራለች፤ አያቴ "እጇ ገና ነው፤ ግን ታዳምጣለች" ይላሉ።

በሚቀጥለው ክፍል ስለ ሸክላ እንነጋገራለን፤ ወለቃ ላይ ይሠራ የነበረው ምጣድና ጀበና እዚህ ስለደረሰበት ነገር። እስከዚያው ሰላም ሁኑ፣ ሻባት ሻሎም።